የብሩገል የገበሬዎች ጭፈራ፤ ከቪየና እስከ ፓዮተንላንድ

በቪየና ከተማ ሪንግ በሚባለው ሰፊ የቀለበት ጎዳና ዳር፣ በማሪያ ቴሬዚያ አደባባይ፣ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መንታ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ አንደኛው የተፈጥሮ ታሪክ፣ ሁለተኛው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም ነው። ጎትፍሪድ ዘምፐርና ካርል ፎን ሃዘናወር የተባሉ አርኪቴክቶች የነደፉት የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም በ1891 የተከፈተው (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሀብስበርግ ነገሥታት ለብዙ መቶ ዓመታት ያከማቹትን የጥበብ ሀብት በአንድ ጣሪያ ሥር ለማሳየት ነበር። ዋናው ደረጃ ለቤተ መንግሥት እንጂ ለሙዚየም የተሠራ አይመስልም፤ መውጫው ላይ የቀራፂው ካኖቫ የእብነ በረድ ቴሴዎስ አንድ አውሬ ሲገድል ይታያል፣ በዓምዶቹ መካከል ደግሞ ገና ስሙ ያልገነነው ወጣቱ ጉስታቭ ክሊምት ከባልደረቦቹ ጋር የሣላቸው ሥዕሎች ተደርድረዋል። ይህን ሁሉ ግርማ አልፎ አሥረኛው አዳራሽ የደረሰ ጎብኚ የሚጠብቀው ግን ንጉሥ ወይም ጀግና ሳይሆን ማንኪያውን ቆቡ ላይ ሰክቶ የሚሮጥ ገበሬ ነው።

ሥዕሉ «የገበሬዎች ጭፈራ» ይባላል፤ ሠዓሊው ሽማግሌው ፒተር ብሩገል ሲሆን፣ «ሽማግሌው» የሚለው ቅጽል የተጨመረለት በስሙ ከሚጠራው ሠዓሊ ልጁ ለመለየት ነው። በ1567 አካባቢ በኦክ ዛፍ ሳንቃ ላይ በዘይት ቀለም የተሠራው ይህ ሥዕል 114 ሴንቲ ሜትር ቁመትና 164 ሴንቲ ሜትር ወርድ አለው። ከብሩገል እጅ እስከ ዛሬ ከተረፉት 40 ገደማ ሥዕሎች ውስጥ 12ቱ የሚገኙት በዚሁ ሙዚየም ስለሆነ፣ የዚህን ሠዓሊ ሥራ በብዛት በአንድ ቦታ ማየት የሚሻ ሰው ከቪየና የተሻለ አማራጭ የለውም። «የባቢሎን ግንብ» እና «አዳኞች በበረዶ ላይ» ሰው ሁሉ ስለሚያውቃቸው ጎብኚ ይከማችባቸዋል፤ ወደ ጭፈራው ጠጋ ብሎ የሚቆም ሰው ቁጥር ግን ያነሰ ነው፣ ለዚህም አንዱ ምክንያት ሥዕሉ ከሩቅ ሲታይ ተራ ፈንጠዝያ መስሎ መታየቱ ሳይሆን አይቀርም።

በሥዕሉ ላይ ያለው በዓል ከርሚስ ይባላል። ከርሚስ በዝቅተኞቹ አገሮች፣ ማለትም ዛሬ ቤልጂየምና ኔዘርላንድ በሚባለው ምድር፣ አንድ መንደር ቤተ ክርስቲያኑ የተቀደሰበትን ዕለት ወይም የደብሩን ቅዱስ በዓል በየዓመቱ የሚያከብርበት ቀን ነው፤ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የደብር ንግሥን ያስታውሳል፣ ልዩነቱ በከርሚስ ሃይማኖታዊው ሥርዓት ካበቃ በኋላ ገበያው፣ ቢራውና ጭፈራው ቀኑን ሙሉ፣ አንዳንዴም ለቀናት መቀጠሉ ነው። መንግሥትም ይህን ፈንጠዝያ በበጎ ዓይን አያየውም ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቻርልስ አምስተኛ በ1531 ባወጣው አዋጅ ከርሚስ ከአንድ ቀን እንዳያልፍ፣ ለሠርግ የሚጠሩትም እንግዶች ከ20 እንዳይበልጡ ደንግጓል። ብሩገል በ1566 የሣለውና ዛሬ በአሜሪካ ዲትሮይት ከተማ የሚገኘው «የሠርግ ጭፈራ» ወደ 125 የሚጠጉ ሰዎችን በአንድ ደን ዳር አጭቆ ስለሚያሳይ፣ አዋጁ በሠዓሊው ምናብ እንኳ ያልተከበረ መሆኑ ግልጽ ነው።

የቪየናውን ሥዕል ለማንበብ ጥሩው መነሻ የሰዎቹ ፊት ሳይሆን እግራቸው ነው። በቀኝ በኩል ከፊት አንድ ጥንድ ወደ መንደሩ አደባባይ በሩጫ ይገባል፤ ሰውየው በዕድሜ ገፋ ያለ ነው፣ ጉልበቱን አጥፎ አንድ እግሩን ወደፊት ወርውሯል፣ ሴትዮዋን በእጇ ይዞ ይጎትታል፣ እሷም ቀሚሷ በነፋስ እየተነፋ፣ ወገቧ ላይ የታሰረው ቁልፍ ከነቦርሳው እየተወዛወዘ ትከተለዋለች። በቆቡ ላይ የተሰካው ማንኪያ ጌጥ አይደለም፤ በዚያን ዘመን ለግብዣ የሚሄድ ገበሬ የሚበላበትን ማንኪያ ከቤቱ ይዞ ይሄድ ስለነበር፣ ማንኪያው ሰውየው ከምግቡ ተነሥቶ ወደ ጭፈራው እየሮጠ መሆኑን ወይም ሁለቱንም ለማድረስ መቸኮሉን ይናገራል። እነዚህ ሁለት ሰዎች ገና አልጨፈሩም። የሚጨፍሩት ከመሐል ወደ ኋላ ያሉት ጥንዶች ናቸው፤ ግን ሠዓሊው ትልቁን ቦታ የሰጠው ሊጨፍሩ ለሚመጡት ነው፣ በዚህም ምክንያት የሥዕሉ እንቅስቃሴ ገና እየተጀመረ ያለ ነገር ሆኖ ይሰማል።

በግራ በኩል ባግፓይፕ ነፊው ጉንጩን ነፍቶ ተቀምጧል። ባግፓይፕ ከቆዳ የተሰፋ የአየር ከረጢት ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ነፊው ከረጢቱን በትንፋሹ እየሞላ በክንዱ እየተጫነ አየሩን ወደ ቧንቧዎቹ ይልካል፤ ከቧንቧዎቹ አንዷ ቀዳዳዎች ስላሏት በጣት ዜማ ታወጣለች፣ ትከሻ ላይ ወደላይ የቆሙት ሁለቱ ረጃጅም ቧንቧዎች ደግሞ ሳይለዋወጡ አንድ ዓይነት ድምፅ እያሰሙ ዜማውን ከሥር ይደግፉታል። ከጎኑ የተቀመጠው ወጣት የጣዎስ ላባ ቆቡ ላይ ሰክቷል፣ የመጠጥ ማሰሮውን እንደያዘም ወደ ነፊው ጠጋ ብሏል፤ ሊያናግረው የፈለገ ይመስላል፣ ነፊው ግን አፉ በሥራ ስለተያዘ መልስ ሊሰጠው አይችልም። ጠረጴዛው ዙሪያ ሰዎች እጃቸውን እያወናጨፉ ይከራከራሉ፣ ከኋላቸው አንድ ጥንድ ማንንም ሳያፍር ይሳሳማል፣ ከታች ደግሞ ሁለት ትናንሽ ልጃገረዶች የአዋቂዎቹን ጭፈራ እየቀዱ በራሳቸው ዓለም ይሽከረከራሉ። የልጆቹን ጥንድ የሚያስተውል ተመልካች ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ጭፈራ ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዴት እንደሚሻገር ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያገኝም፣ ምክንያቱም ትንሿ ልጅ የምትማረው ከአስተማሪ ሳይሆን ከእሷ ጥቂት ከምትበልጠው እኩያዋ ነው።

ሥዕሉ ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል የሥነ ጥበብ ምሁራንን ሲያከራክር ቆይቷል። አንደኛው ወገን ሥዕሉን እንደ ተግሣጽ ያነበዋል፦ የቅዱስ በዓል ሆኖ ሳለ ቤተ ክርስቲያኑ ከኋላ ርቆ ቆሟል፣ በቀኝ በኩል በዛፍ ግንድ ላይ የተሰቀለችውን የእመቤታችንን ሥዕል ቀና ብሎ የሚያያት የለም፣ ሰንደቅ የተሰቀለበት መሸታ ቤት ግን ሰው ሞልቶታል፤ ስለዚህ ሆዳምነት፣ ቁጣ፣ ዝሙትና (በጣዎስ ላባው በኩል) ከንቱ ውዳሴ በአንድ አደባባይ ተሰብስበዋል ይላሉ። ሁለተኛው ወገን በበኩሉ ብሩገል የገበሬውን ሕይወት በፍቅርና በቀልድ የመዘገበ ሰው ነው ብሎ ይሟገታል፤ ለዚህም የሚጠቅሰው የሠዓሊውን የመጀመሪያ የሕይወት ታሪክ የጻፈውን ካርል ፋን ማንደርን ነው። ፋን ማንደር በ1604 ባሳተመው መጽሐፉ ብሩገል ሃንስ ፍራንከርት ከሚባል ነጋዴ ጓደኛው ጋር የገበሬ ልብስ ለብሰው፣ የሙሽራው ወይም የሙሽሪት ዘመድ ነን እያሉ፣ ስጦታ ይዘው ሠርግና ከርሚስ ይታደሙ እንደነበር ጽፏል። ታሪኩ ያምራል፤ ነገር ግን የተጻፈው ብሩገል ከሞተ 35 ዓመት በኋላ ስለሆነ፣ እንደ ምስክርነት ሳይሆን እንደ መልካም ወሬ ቢወሰድ ይሻላል።

ሁለቱም ንባቦች የሚዘሉት አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱም ሠዓሊው ተመልካቹን የት እንዳቆመው ነው። ብሩገል በ1559 አካባቢ ባዘጋጃቸው የከርሚስ ኅትመቶችም ሆነ በ1566ቱ የሠርግ ጭፈራ መንደሩ ከከፍታ፣ ከሰገነት እንደሚታይ ሆኖ ተዘርግቷል፤ ሰዎቹ ትናንሽና ብዙ ናቸው፣ ተመልካቹም አንዱን ከሌላው እየለየ ይቆጥራቸዋል፣ ይስቅባቸዋል፣ ይፈርድባቸዋልም። በቪየናው ሥዕል ይህ ከፍታ ጠፍቷል። ዓይኑ ወደ ምድር ወርዷል፣ አድማሱ ዝቅ ብሏል፣ ሯጩ ገበሬ ግዙፍ ሆኗል፣ የአደባባዩም አፈር ከተመልካቹ እግር ሥር የሚጀምር ይመስላል። ጥንዶቹ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ቢሉ የሚገጩት ተመልካቹን ነው። በጣሊያን አገር ተጉዞ የማይክል አንጄሎን ዘመን ሥነ ጥበብ ያየው ብሩገል፣ ጣሊያኖቹ ለነቢያትና ለአማልክት የሚሰጡትን የአካል ክብደት ለአንድ ስሙ ለማይታወቅ ገበሬ መስጠቱ በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን አይችልም። ኃጢአቱ በሥዕሉ ውስጥ የለም ማለት አይደለም፤ መሳሳሙም ጠቡም አለ። ለመፍረድ የሚያስችለው ርቀት ግን ለተመልካቹ አልተሰጠውም፣ በዚህም የተነሣ የተግሣጹ ንባብ ይዳከማል።

ይህን ሥዕል ገዝተው ያዩት ሰዎች እነማን ነበሩ የሚለው ጥያቄም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። የብሩገል ደንበኞች ገበሬዎች አልነበሩም፤ የአንትወርፕ ነጋዴዎችና ባለሥልጣናት ነበሩ። ኒክላስ ዮንገሊንክ የሚባል ባለጸጋ ነጋዴ በ1566 በዋስትና ካስያዛቸው ሥዕሎች ውስጥ 16ቱ የብሩገል ነበሩ፤ የአንትወርፕ የሳንቲም ማተሚያ ቤት ኃላፊ የነበረው ዣን ኑዋሮም በዕዳ ምክንያት በ1572 ንብረቱ ሲሸጥ የገበሬ ሠርግና የገበሬ ከርሚስ ሥዕሎች ከቤቱ ወጥተዋል፣ የተሰቀሉትም በመመገቢያ ክፍሉ ነበር። የከተማው ሰው እራቱን እየበላ የገጠሩን ሰው ድግስ ይመለከት ነበር ማለት ነው። በራሱ ቤት የሚጨፈረው ጭፈራ ደግሞ ሌላ ነበር፤ ባስ ዳንስ በሚባለው የቤተ መንግሥት ጭፈራ እግር ከወለሉ ብዙም ሳይነሣ ይንሸራተታል፣ ወገብና አንገት ቀጥ ይላሉ፣ እጅ ለእጅ መያያዙም በልክ ነው። ቲልማን ሱሳቶ የተባለ የአንትወርፕ አሳታሚ በ1551 «ዳንስሪ» በሚል ርዕስ ያሳተመው የጭፈራ ዜማዎች ስብስብ፣ ከዚያም ቶይኖ አርቦ በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው የፈረንሳይ ቄስ በ1589 በመምህርና በተማሪ ንግግር መልክ ያቀረበው የጭፈራ መማሪያ መጽሐፍ ለከተማው ጭፈራ የተጻፈ ማስረጃ ሆነው ቀርተዋል። የገበሬውን እርምጃ በእንዲህ ያለ ትጋት የጻፈለት ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ የታጠፈው ጉልበትና የተወረወረው እግር ከሥዕል በስተቀር ሌላ መዝገብ ያላቸው በጥቂቱ ነው።

ሥዕሉ የተሣለበት ዘመን የፈንጠዝያ ዘመን አልነበረም። በ1566 የፕሮቴስታንት እምነት ተከታዮች በፍላንደርስና በብራባንት አብያተ ክርስቲያናት ገብተው ሥዕሎችንና ሐውልቶችን ሰባብረዋል፤ በማግስቱ ዓመት የስፔኑ ንጉሥ ፊልጶስ ሁለተኛ የአልባን መስፍን ከሠራዊት ጋር ልኮ ሕዝቡ «የደም ሸንጎ» ያለውን ልዩ ፍርድ ቤት አቋቁሟል። ፋን ማንደር እንደሚለው ብሩገል በሞቱ አፋፍ ላይ ሚስቱ እንዳትጎዳ ፈርቶ አንዳንድ ሥራዎቹን እንድታቃጥል አዝዟል። በዛፉ ላይ ያለችው የእመቤታችን ሥዕል በዚህ ዓውድ ስትታይ ሌላ ክብደት ታገኛለች፤ ሥዕል በሚሰበርበት ዓመት አካባቢ የተሣለች፣ ማንም ያልነካት፣ ማንም ደግሞ ያላያት ትንሽ ሥዕል ናት። የፊልጶስ ዘመዶች የሆኑት የኦስትሪያ ሀብስበርጎች የብሩገልን ሥራዎች በተለይ ከ1590ዎቹ ጀምሮ በትጋት ማሰባሰባቸውም የታሪክ ምጸት ነው፤ ሥዕሎቹ ከተሣሉበት አገር ወጥተው ዛሬ ቪየና ላይ የሚታዩት በዚሁ ምክንያት ነው።

የዲትሮይቱ ሥዕል ዕጣ ደግሞ ከዚህ ይለያል። ቪልሄልም ቫለንቲነር የተባለው የዲትሮይት የጥበብ ተቋም ኃላፊ በ1930 ሲገዛው፣ ወንዶቹ በዘመኑ ፋሽን መሠረት በሱሪያቸው ፊት ለፊት አሳብጠው የሚያስሩት ጨርቅ በኋለኛ ዘመን ጨዋ ነን ባዮች ቀለም ተሸፍኖ ነበር፤ ያ ቀለም የተነሣው ሥዕሉ በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሲታደስ ነው። ከተማዋ በ2013 ኪሳራ ባወጀች ጊዜ አበዳሪዎች የሙዚየሙ ሀብት ተሸጦ እንዲከፈላቸው ጠይቀው ይህም ሥዕል ዋጋ ተገምቶለት ነበር፤ በ2014 በተደረሰው ስምምነት ግን ከሽያጭ ተርፏል።

ከቪየና ወደ ብራስልስ የሚሻገር ተጓዥ የሠዓሊውን ዱካ በማሮል ሰፈር ያገኘዋል። ብሩገል በ1563 ማይከን ኩከን ያገባው በዚሁ ሰፈር ባለው የቻፔል እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሲሆን፣ በ1569 ሲሞትም የተቀበረው እዚያው ነው። ያን የተባለው ሌላው ልጁ ላሠራው መታሰቢያ ሠዓሊው ሩበንስ ሥዕል ሥሎለት ነበር፤ አሁን በቦታው ያለው ቅጂ ነው። ሩበንስ ለብሩገል የነበረው አክብሮት በሉቭር በሚገኘው የራሱ የከርሚስ ሥዕልም ይታያል፣ ነገር ግን እዚያ ጭፈራው ማዕበል ሆኗል፤ ሰዎቹ እርስ በርስ ተጠምጥመው አንድ ግዙፍ ጎርፍ ስለሆኑ፣ ቁልፍና ማንኪያ ለማየት ጊዜ የለም። ውበቱ ባይካድም፣ የሰው ገጽታ ከብሩገል በኋላ የጠፋው በዚህ ጎርፍ ነው ለማለት ያስደፍራል።

ከብራስልስ በስተ ምዕራብ የሚዘረጋው ወጣ ገባ የእርሻ አገር ፓዮተንላንድ ይባላል። ምሁራን የብሩገልን መንደሮች ከዚህ አካባቢ ጋር የሚያያይዙት በግምት ብቻ አይደለም፤ በ1568 በሣለውና ዛሬ ኔፕልስ በሚገኘው «ዕውሮች ዕውርን ሲመሩ» በተባለው ሥዕል ከኋላ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን በሲንት አና ፔደ መንደር የሚገኘው መሆኑ ታውቋል፣ ሕንፃውም እስከ ዛሬ ቆሟል። የጭፈራው አደባባይ ግን በካርታ ላይ የሚፈለግ ቦታ አይደለም። ብሩገል ቤቱን፣ ዛፉንና ቤተ ክርስቲያኑን ለሥዕሉ ሚዛን እንደሚስማማው ያቀናበረ ስለሆነ፣ በፓዮተንላንድ መንደሮች እየዞረ «የትኛው ይሆን» የሚል ጎብኚ ድካሙ ከንቱ ነው፤ ቢራውና የመንገዱ ለምለምነት ግን ይክሱታል።

የዚህ ሥዕል እጅግ አስገራሚ ጥቅም የተገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በፍላንደርስ ባግፓይፕ ከጊዜ በኋላ ከመንደር ጭፈራ እየጠፋ ሄዶ ነበር፤ በ1960ዎቹና 1970ዎቹ የባህላዊ ሙዚቃ ትንሣኤ በተጀመረ ጊዜ፣ መሣሪያውን እንደገና ለመሥራት የተነሡ ባለሙያዎች እጃቸው ላይ የሚለኩት አሮጌ ባግፓይፕ ስላልነበራቸው ወደ ብሩገልና ወደ ዘመነኞቹ ሥዕሎች ዞሩ። ከአንድ መሠኪያ ወጥተው ትከሻ ላይ የሚቆሙት፣ ርዝመታቸው የማይመሳሰል ሁለት ቧንቧዎች፣ የከረጢቱ መጠን፣ ነፊው ክንዱን የሚያሳርፍበት ቦታ፣ ይህ ሁሉ ከሳንቃው ላይ በዓይን ተለክቶ ወደ እንጨትና ቆዳ ተመልሷል። የብራስልስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ሙዚየም ባልደረባ የነበረው ሁበርት ቦን በዚህ ጥረት ውስጥ ስሙ በግንባር ቀደምነት ይነሣል፤ ዛሬ በፓዮተንላንድና በአካባቢው ባሉ የባህል ጭፈራ ምሽቶች የሚሰማው ባግፓይፕ በከፊል ከሥዕል የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። የሥዕል ትክክለኛነት በንድፈ ሐሳብ ሲከራከሩበት የሚኖር ጉዳይ ነው፤ እዚህ ግን አናጢው ሞክሮ መሣሪያው ድምፅ ሰጥቷል፣ ይህም ብሩገል ነፊውን ከሩቅ እያየ ሳይሆን ቧንቧዎቹን እስከ መሠኪያቸው አጥንቶ እንደሣለው ያሳያል።

ያልተመለሰው ዜማው ነው። የሱሳቶ መጽሐፍ በብዙ ድምፅ ለሚጫወቱ የከተማ ሙዚቀኞች የተቀናበረ በመሆኑ አንድ ነፊ በመሸታ ቤት በር ላይ ምን እንደነፋ አይነግርም፤ ዛሬ ያሉት ተጫዋቾችም ይህንኑ ስለሚያውቁ፣ በተመለሰው መሣሪያ የሚነፉት ከኋለኞቹ ክፍለ ዘመናት የተረፉ የመንደር ዜማዎችን፣ ከሱሳቶ አቅልለው የወሰዷቸውንና ራሳቸው የደረሷቸውን አዳዲስ ዜማዎች ነው።